ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻ፣ ቀሪ፦ የኖርዌይና የናይጄሪያ የከርሰ ምድር ሀብት በነፍስ ወከፍ ሲመዘን

(በኦስሎ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተዘጋጀ የንባብና የውይይት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደ ተነገረው የተጻፈ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ከኋላ ደብተራችሁን ዘርግታችሁ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሥራ ፈረቃ በቀጥታ እዚህ ስለ ተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ የሁለት አገሮችን አላቂ የተፈጥሮ ሀብት በነፍስ ወከፍ ማነጻጸር የሚል ነው። እኔ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አይደለሁም። ሙያዬ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ የኖርዌይ የነዳጅ ሥራ ዋና ማዕከል በሆነችው በስታቫንገር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምናገረው አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከመዝገቡ አንጻር ያየውን ነው።

ከሁላችን አፍ ከማይጠፋ አንድ አነጋገር ልጀምር። «አፍሪካ በወርቅና በነዳጅ ላይ ተቀምጣ ትራባለች» እንላለን። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው አለ? ይህን ያላለስ አለ? እኔም ስለው ኖሬአለሁ። ምሳሌ ስጥ ስባልም መጀመሪያ የምጠራት ናይጄሪያን ነበር፤ ያን ሁሉ ነዳጅ ይዛ ሕዝቧ ግን ድሃ ነው፣ ኖርዌይ በአንጻሩ ነዳጅ አገኘች፣ በለጸገችም፣ ልዩነቱ አስተዳደር ብቻ ነው እል ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ አባባል ገና ከመነሻው የሒሳብ ስህተት ያለበት መሆኑን ነው። ናይጄሪያ በነዳጅ ሀብታም አገር አይደለችም። ደግሜ ልበለው፤ ናይጄሪያ፣ ሕዝቧ ተቆጥሮ ነዳጇ ሲካፈል፣ በነዳጅ ሀብታም አገር አይደለችም። ይህን ስል የመሪዎቿን ጥፋት ለማቅለል እንዳልሆነ እየቆየን ስንሄድ ታያላችሁ፤ እንዲያውም ጥፋቱን ያከብደዋል።

አራተኛ ክፍል ማካፈል ሲያስተምሩን መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት ቃላት ይጽፉ ነበር፤ ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻ፣ ቀሪ። ተካፋይ የሚከፋፈለው ነገር ነው፣ አካፋይ ስንት ላይ እንደሚከፋፈል የሚነግረን ቁጥር ነው፣ ድርሻ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ነው፣ ቀሪ ደግሞ ተከፋፍሎ የተረፈው። የዛሬው ንግግሬ ከእነዚህ ከአራቱ ቃላት አይወጣም።

እስኪ መጀመሪያ ማካፈሉን እንሥራው። ስልክ የያዛችሁ አብራችሁኝ አስሉ። የናይጄሪያ የተረጋገጠ የነዳጅ ዘይት ክምችት 37 ቢሊዮን በርሜል ገደማ ነው። የኖርዌይ 8 ቢሊዮን በርሜል ገደማ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ናይጄሪያ ከአራት እጥፍ በላይ ትበልጣለች። አሁን ለሕዝቡ እናካፍል። የናይጄሪያ ሕዝብ ከ220 ሚሊዮን በላይ ነው፤ በ220 ብናካፍል ለአንድ ሰው 168 በርሜል ይደርሳል። የኖርዌይ ሕዝብ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ለአንድ ሰው ወደ 1,450 በርሜል ይደርሳል። አያችሁ? በጥቅል አራት እጥፍ የምትበልጠው አገር፣ በነፍስ ወከፍ ከስምንት እጥፍ በላይ ታንሳለች። በተፈጥሮ ጋዝም ነገሩ ያው ነው። ናይጄሪያ 5.5 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አላት፣ ኖርዌይ የዚያን ሩብ ያህል፤ ወደ ሰው ሲወርድ ግን አንድ ኖርዌጂያን የአንድ ናይጄሪያዊን አሥር እጥፍ ገደማ ይይዛል።

168 በርሜል ብዙ ይመስላችሁ ይሆናል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ድርሻ ከሃያ ስድስት ሺህ ሊትር በላይ ማለት ነው፣ በጓሮ ቢቀመጥ ጓሮውን ይሞላዋል። ነገር ግን ይህ የአንድ ዓመት ሳይሆን የዘለዓለም ድርሻው ነው፤ ካለቀ በኋላ ሌላ የለም። እንግዲህ ይህ ሰው ስልሳ ዓመት ይኑርና ነዳጁን በዓመት በዓመት ይሽጥ ብንል፣ በየዓመቱ የሚደርሰው 2.8 በርሜል ነው። በርሜሉ በ80 ዶላር ቢሸጥ 224 ዶላር ያገኛል፤ የቁፋሮው፣ የቧንቧው፣ የመርከቡ ወጪ ሳይቀነስ፣ ለልጆቹም አንዲት በርሜል ሳያስቀር። በዓመት 224 ዶላር! ከሙስና ፍጹም የጸዳ መንግሥት ቢኖር፣ አንዲት ሳንቲም ሳትጠፋ ቢከፋፈል እንኳን፣ ከዚህ ሰፈር የሚያልፍ አይደለም። ታዲያ «በነዳጅ ላይ ተቀምጣ» የምንላት አገር ይህች ናት?

ወደ ተካፋይ ልመለስ። ከምድር በታች ያለው ሀብት ስንት ነው የሚለው ጥያቄ በኩንታል እንደተሰፈረ ጤፍ መልስ ያለው ይመስለናል። ግን አይደለም። «የተረጋገጠ ክምችት» ማለት በዛሬው እውቀትና በዛሬው ዋጋ አውጥቶ መሸጥ የሚያዋጣው መጠን ነው እንጂ ምድር ውስጥ ያለው ሁሉ አይደለም። ከስታቫንገር ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰሜን ባሕር መካከል ኤኮፊስክ የሚባል መስክ አለ። የተገኘው በ1969 መጨረሻ ነው፣ ማምረት የጀመረው በ1971። በመጀመሪያው ግምት ከዚያ መስክ ሊወጣ የሚችለው በውስጡ ካለው ዘይት 17 ከመቶ ብቻ ነበር። ከ1987 ጀምሮ ውኃ ወደ ዐለቱ በግፊት እየተሰደደ ዘይቱ እንዲወጣ ተደረገ፤ ዛሬ ከመስኩ 50 ከመቶ ገደማ እንደሚወጣ ይገመታል። ዐለቱ አልተለወጠም፣ ዘይቱም አልጨመረም። የጨመረው የሰው እውቀት ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን የኖርዌይ «የተፈጥሮ ሀብት» ጨመረ ተብሎ ይጻፋል።

በዚህ ነገር ውስጥ ስማቸው የሚነሣ አንድ ሰው አሉ፣ ታሪካቸው እዚህ ላለነው ቅርብ ነውና ትንሽ ልቆይበት። ፋሩቅ አልቃሲም ይባላሉ፤ የባስራ ልጅ፣ ኢራቃዊ የሥነ ምድር ሊቅ ናቸው። በ1968 ኖርዌጂያዊት ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ አገር መጡ፤ የመጡበትም ምክንያት የመንቀሳቀስ ችግር ያለበት ትንሹ ልጃቸው የተሻለ ሕክምና እንዲያገኝ ነበር። ኦስሎ ደርሰው ወደ ባለቤታቸው የትውልድ ከተማ የሚወስዳቸውን ባቡር ሲጠብቁ ሰዓቱ ረጅም ስለነበር፣ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሄደው የነዳጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ይኖር እንደሆን ጠየቁ። በዚያን ጊዜ ሚኒስቴሩ ስለ ነዳጅ የሚያውቅ ሰው አልነበረውም ማለት ይቻላል። ቀጠሯቸው። ከዚያ በኋላ መንግሥት የነዳጅ ሥራውን እንዴት እንደሚይዝ ከነደፉት ሰዎች አንዱ ሆኑ፣ በ1972 በተቋቋመው የነዳጅ ዳይሬክቶሬትም ለዓመታት ሠሩ፤ ኩባንያዎቹ ቀላሉን ዘይት ብቻ ቀድተው እንዳይሄዱና ከየመስኩ ሊወጣ የሚችለው ሁሉ እንዲወጣ አጥብቀው ከሚከራከሩት መካከልም ነበሩ። እኔ ስታቫንገር እንደ ገባሁ ቋንቋው አልገባኝ ብሎ በተቸገርሁበት ወቅት ይህን ታሪክ የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት የነበረውን ስሜት እስካሁን አልረሳውም። በአንድ ኖርዌጂያን ድርሻ ውስጥ ካሉት በርሜሎች ስንቶቹ ከባስራ የመጣ እውቀት ያወጣቸው ይሆኑ? በመዝገቡ ላይ የትም አልተጻፈም።

ተካፋዩን የሚያናውጠው ሁለተኛው ነገር ዋጋ ነው። በሐምሌ 2008 አንድ በርሜል 147 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በጥር 2016 ከ30 ዶላር በታች ወረደ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ናይጄሪያ ምድር ውስጥ ያለው ዘይት በአምስት እጥፍ አልቀነሰም፣ በዶላር የተጻፈው ሀብቷ ግን ቀነሰ። ስለዚህ አንድ ሰንጠረዥ ላይ «የነፍስ ወከፍ የከርሰ ምድር ሀብት ይህን ያህል ዶላር» የሚል ስታዩ መጀመሪያ ልትጠይቁ የሚገባው፣ በየትኛው ዓመት ዋጋ? የሚለውን ነው።

ተካፋዩን የሚያናውጠው ሦስተኛው ነገር ደግሞ ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ትንሽ ይከብዳል። የዓለም ባንክ የአገሮችን ሀብት ሲለካ በርሜሉን በዛሬ ዋጋ አያባዛም። ሀብቱ ወደፊት በየዓመቱ እየወጣ የሚያስገኘውን ትርፍ ገምቶ፣ ያን ትርፍ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመልሰዋል፤ ለዚህም በዓመት 4 ከመቶ ሲቀንስ ቆይቷል። ይህ ምን ማለት ነው? ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገኝ መቶ ዶላር ዛሬ 68 ዶላር ገደማ ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላ የሚገኝ መቶ ዶላር ግን ዛሬ አሥር ዶላርም አይሞላም። ኖርዌይ ያላትን በፍጥነት እያወጣች ነው፤ አሁን ባለው አካሄድ የተረጋገጠው ዘይቷ የአሥር ዓመት ገደማ ሥራ ነው። የናይጄሪያው በዛሬው ፍጥነት የስልሳ ዓመት ገደማ ሥራ ነው። ስለዚህ በርሜል በበርሜል እኩል ቢሆኑ ኖሮ እንኳን፣ በዶላር ሲጻፍ የናይጄሪያው ያንሳል፣ አብዛኛው ሩቅ ነውና። ከዚህ ላይ ዓለም ከነዳጅ እየራቀ ከሄደ ያ የሩቁ ዘይት ገዢ ላያገኝ ይችላል የሚለው ስጋት ሲጨመር፣ ቀድሞም ትንሽ የነበረው ድርሻ ይበልጥ ይሳሳል።

አሁን ወደ አካፋይ ልለፍ። ይህ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ ነው።

የሰው ቁጥር ቀላል ነገር ይመስላል። ናይጄሪያ ግን የመጨረሻውን የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በ2006 ነው፤ ያን ጊዜ 140 ሚሊዮን ሰው ተቆጠረ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ግምት ነው። ደግሞም በናይጄሪያ የሰው ቁጥር የገንዘብ ቁጥር ነው፤ ለክልሎች የሚከፋፈለው ገንዘብ በከፊል በሕዝብ ብዛት ስለሚወሰን፣ ቆጠራ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ አብሮ ይመጣል። እንግዲህ «በነፍስ ወከፍ» ስንል ነፍሱ ራሷ በትክክል አልተቆጠረችም።

ለመሆኑ ማን ነው የሚቆጠረው? ይህን ጥያቄ ያስተማረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አንድ ጊዜ በስልክ ስናወራ፣ ኩዌት በነፍስ ወከፍ ነዳጅ ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ መሆኗን አንብቤ ነበርና ነገርኋት። ክምችቱ ወደ 101 ቢሊዮን በርሜል ነው፤ ነዋሪው ወደ 4.8 ሚሊዮን ስለሆነ ለአንድ ሰው ሃያ አንድ ሺህ በርሜል ይደርሳል አልኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔም ከነዋሪው ውስጥ አለሁበት?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎን፣ አለሽበት አልኋት። «እንግዲያው ወንድሜ፣ ሲቆጠር አለሁ፣ ሲካፈል የለሁም» አለችኝ።

ሲቆጠር አለሁ፣ ሲካፈል የለሁም! ያን ዕለት ስልኩን ዘግቼ ወረቀት አወጣሁ። የኩዌት ዜጎች 1.5 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ለእነርሱ ብቻ ብናካፍለው ድርሻው ከስልሳ ሺህ በርሜል ያልፋል። ከሃያ አንድ ሺህ ወደ ስልሳ ሺህ! የትኛው ነው ትክክለኛው? የሰንጠረዡ አዘጋጅ ነዋሪውን ሁሉ ይቆጥራል፣ የኩዌት ሕግ ድርሻውን ለዜጋው ይሰጣል፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ በየቀኑ በምትጠርገው ቤት ውስጥ ያን ልዩነት ታየዋለች። በእኔ እምነት በነፍስ ወከፍ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ አጠገቡ «ነፍስ የተባለው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሳይጻፍበት መታተም አልነበረበትም።

ከዚህም በላይ በማንኛውም ሰንጠረዥ ያልተቆጠሩ አሉ፤ ገና ያልተወለዱት። ናይጄሪያ በ1960 ነጻ ስትወጣ ሕዝቧ 45 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ ዛሬ አምስት እጥፍ ሆኗል። የኖርዌይ ሕዝብ በ1970 ከ3.9 ሚሊዮን የማይርቅ ነበር፣ ዛሬ 5.5 ነው። ስለዚህ አንድ በርሜል ባይወጣ እንኳን፣ የናይጄሪያዊው ድርሻ በልደት ብቻ ወደ አምስተኛው ወርዶ ነበር። ልጅ መወለዱ ጥፋት ነው ማለቴ እንዳይደለ ግልጽ ይሁንልኝ፤ ልጅ በረከት ነው። የምለው ግን፣ ሕዝቡ እንደሚያድግ የታወቀ አገር ከማንም ይልቅ የሚያወጣውን በርሜል ወደማያልቅ ነገር የመለወጥ ግዴታ ነበረበት ነው። ለብዙ ልጆች አባት ትንሽ መሬት ሲኖረው ጥንቃቄው ይበዛል እንጂ አያንስም።

ሦስተኛው ቃል ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ይኖር የነበረውን አጎቴን ላንሣ። በዚያ አካባቢ ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋቸው ቀይ ኮረብቶች እንዳሉ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር የሚወጣው ከእነርሱ ነው። አጎቴ ፈቃድ አውጥቶ ከይዞታው ካለች አንዲት ጉብታ ጠጠር ያስቆፍር ነበር። ገልባጭ መኪና ይመጣል፣ ልጆች በአካፋ ይጭናሉ፣ በቢያጆ ይሸጣል። አጎቴ በጥንቃቄው የታወቀ ሰው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቢያጆ በደብተሩ ላይ አንዲት ጭረት ያሰምርና አምስት ሲሞላ አምስተኛዋን አግድም ይሰርዛታል። በየገጹ አናት ላይ በትልቁ የጻፋት ቃል ግን አሁንም ዓይኔ ላይ አለች፤ «ገቢ» ትላለች። በዚያ ገቢ የቤት ቆርቆሮ ተቀየረ፣ ሁለት ሠርግ ተደገሰ፣ የማኅበር ጽዋ በድምቀት ወጣ። ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ሄጄ ሳየው ጉብታው የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ሆኖ የክረምት ውኃ ተኝቶበት ነበር። ጭረቶቹ ትክክል ነበሩ፤ ምንም የጠፋ ሒሳብ አልነበረም። ስህተቱ ያለው ከገጹ አናት ላይ በተጻፈችው ቃል ነው። ያ ገቢ አልነበረም፣ ንብረት ሽያጭ ነበር። በሬ የሸጠ ገበሬ «ዘንድሮ ብዙ አመረትሁ» ይላል? አጎቴ ግን ጉብታውን እየሸጠ አመረትሁ ይል ነበር፤ እኛም ሁላችን አብረነው እንል ነበር።

ኖርዌይ ከናይጄሪያ የተለየችበት ዋናው ነገር ከገጹ አናት ላይ የጻፈችው ቃል ይመስለኛል። በዚህ አገር ከነዳጅ ኩባንያዎች ትርፍ ላይ የሚወሰደው ግብር በድምሩ 78 ከመቶ ነው። ያ ገንዘብና መንግሥት በመስኮቹ ካለው ድርሻ የሚያገኘው ሁሉ በቀጥታ ወደ ዓመታዊ ወጪ አይሄድም፤ ወደ ፈንድ ይገባል። የፈንዱ ሕግ የወጣው በ1990 ነው፣ የመጀመሪያው ገንዘብ የገባው በ1996። ገንዘቡ ሥራ ላይ የሚውለው ከአገር ውጭ ብቻ ነው። በ2001 በተወሰነው ደንብ መንግሥት በጊዜ ሂደት ከፈንዱ ሊወስድ የሚችለው ይገኛል ተብሎ የሚጠበቀውን ትርፍ ያህል ነው፤ መጀመሪያ 4 ከመቶ ነበር፣ ከ2017 ጀምሮ 3 ከመቶ ሆነ። በ2024 መጨረሻ ፈንዱ 19.7 ትሪሊዮን ክሮነር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሲካፈል ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ክሮነር አያንስም። በዓለም የአክሲዮን ገበያዎች ካለው ድርሻ ሁሉ 1.5 ከመቶ ገደማው የእርሱ ነው፣ ከያዘውም ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሆነው ከነዳጅ በቀጥታ የመጣ ሳይሆን የተከማቸው ገንዘብ ራሱ የወለደው ነው። ይኸውላችሁ፣ አላቂው ነገር ወደማያልቅ ተለወጠ።

በናይጄሪያ የነዳጁ ገንዘብ ወደ ፌዴሬሽኑ ሒሳብ ይገባና በየወሩ ይከፋፈላል፤ ለፌዴራሉ መንግሥት፣ ለሠላሳ ስድስቱ ክልሎች፣ ለ774 የአካባቢ መስተዳድሮች። ከመከፋፈሉ በፊት ግን በ1999ኙ ሕገ መንግሥት መሠረት ነዳጅ ለሚወጣባቸው ክልሎች ከ13 ከመቶ የማያንስ ይነሣላቸዋል። በየወሩ! ደሞዝ እንደሚከፈል። በ2011 የቁጠባ ፈንድ በሕግ ተቋቋመ፣ መነሻ ካፒታሉ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሆነ፤ ያን ጊዜ ለነበረው ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ሰው ስድስት ዶላር ገደማ ማለት ነው። ይህ የሆነው የመጀመሪያው ነዳጅ ወደ ውጭ ከተላከ ከሃምሳ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ ቦታ ግን ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ኖርዌይ ነዳጅ ስታገኝ ሕዝቧ ማንበብና መጻፍ ከቻለ ትውልድ አልፎ ነበር፤ የፏፏቴዎቿ ኃይል በባዕድ ኩባንያ እጅ ለዘለዓለም እንዳይቀር የሚከለክሉ ሕጎችን ያወጣችው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው፣ ስለዚህ የተፈጥሮ ሀብት የሕዝብ ነው የሚለው ሐሳብ ለፓርላማዋ አዲስ አልነበረም። ናይጄሪያ በኦሎይቢሪ መንደር ነዳጅ የተገኘባት በ1956 ነው፤ ገና ቅኝ ግዛት ነበረች። ነጻ በወጣች በሰባተኛ ዓመቷ የእርስ በርስ ጦርነት ገጠማት። አንዱ የተደራጀ ቤት ውስጥ ውርስ ደረሰው፣ ሌላው ቤቱ ገና ሳይሠራ፣ ወንድሞቹም ሳይስማሙ ደረሰው። አስተዳደር ብቻ ነው ልዩነቱ የሚሉ ወዳጆቼ ይህንንም በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡልኝ።

ድርሻ ስንል ሌላም ነገር አለ። በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው ድርሻ በማንም እጅ አይገባም። በኒጀር ዴልታ ውስጥ ኦጎኒ የሚባል ምድር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2011 ባወጣው ጥናት፣ ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በተባለ ስፍራ ሰዎች ከሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው መጠን 900 እጥፍ በላይ ተገኝቷል። ምድሩን ለማጽዳት ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችልም ያው ጥናት ተናግሯል። እስኪ ንገሩኝ፣ ያን ውኃ ለልጆቿ የምትቀዳ እናት ከነዳጁ ድርሻዋ ስንት በርሜል ነው? ሌጎስ ካለው ሰው ጋር እኩል 168 ነው ይላል ሰንጠረዡ። ከእርሷ ላይ የተወሰደው ውኃ፣ ዓሣና መሬት ግን በየትኛውም ዓምድ ላይ አልተቀነሰም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህ ያመኛል። ዕዳ ያልተጻፈበት መዝገብ ትክክለኛ መዝገብ አይደለም።

የመጨረሻው ቃል ቀሪ ነው፤ ይህን አላስረዝመውም። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ1977 በጆን ሃርትዊክ ስም የተጠራ አንድ ደንብ አላቸው፤ ባጭሩ፣ ከአላቂ ሀብት የተገኘውን ትርፍ በሙሉ ሌላ ሀብት ብታደርገው፣ ፋብሪካ፣ መንገድ፣ የተማረ ሰው ብታደርገው፣ የሚመጣው ትውልድ ኑሮ አይወርድም ይላል። ስለዚህ ሁለት አገሮችን ስናነጻጽር መሬት ውስጥ የቀረውን በርሜል ብቻ መቁጠር ግማሽ ሥራ ነው። ወጥቶ የተሸጠው የት ገባ? ኦሎይቢሪ ያሉት ጉድጓዶች በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ አቁመዋል። የኤኮፊስክ ዘይትም አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ የሁለቱም የነፍስ ወከፍ የከርሰ ምድር ሀብት ወደ ዜሮ እየተጠጋ ይሄዳል፣ በሰንጠረዡም ላይ እኩል ድሃ ሆነው ይጻፋሉ። እኩል ናቸው ግን?

ስለ አገራችን አንዲት ነገር ብቻ። በሶማሌ ክልል ስለ ካሉብና ሂላላ ጋዝ፣ ስለ ወርቅ፣ ስለ ፖታሽ ዜና በሰማን ቁጥር ልባችን ይሞቃል፤ የእኔም ይሞቃል። ነገር ግን እባካችሁ መጀመሪያ አካፍሉ። አንድ ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፉት ጋዝ ተገኘ ሲባል ጆሮ የሚሞላ ቁጥር ነው፤ 28 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ማለት ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው 236 ኪዩቢክ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ያው ጋዝ ኖርዌይ ውስጥ ቢገኝ ለአንድ ሰው ከአምስት ሺህ በላይ ነበር። ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ትልቁን ቁጥር ሰምቶ «ሀብታም ሆንን» የሚል ሕዝብ፣ ገንዘቡ በየወሩ ሲከፋፈል ዝም ብሎ ያያል፤ ትንሿን ድርሻውን የሚያውቅ ሕዝብ ግን እያንዳንዷን ቢያጆ ይጠይቃል ብዬ ስለማምን ነው።

ከመግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ሰንጠረዥ አትሜ አስቀምጫለሁ፤ በግራ የአገሩ ስም፣ ቀጥሎ ክምችቱ፣ ቀጥሎ ሕዝቡ፣ ቀጥሎ ድርሻው ይጻፍበታል። በቀኝ ጫፍ አንድ ሰፋ ያለ ዓምድ ትቻለሁ፣ አናቱም ላይ «ወጥቶ የተሸጠው የት ገባ?» ይላል። ተማሪዎች፣ ከቦትስዋና አልማዝና ከዛምቢያ መዳብ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ ቀጣዩን ስብሰባ በእናንተ ሰንጠረዥ ላይ እንነጋገራለን። ስለ ትዕግሥታችሁ በጣም አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡልኝ።